«ስሙን ቀይረው ያው ወለድ ነው» ለሚሏት ተመራቂ

ጥያቄ፦ «የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ዘንድሮ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ከወለድ ነፃ ባንክ መሥራት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ስሙን ቀይረው ያው ወለድ ነው› ይሉኛል። ሙያ ይሆነኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆንሻል። ቤተሰቦችሽ ያነሱትን ጥርጣሬ ደመወዝ እየተከፈለው በየቀኑ የሚያነሳ ሰው ባንክ ውስጥ አለ፤ የሸሪዓ ኦዲተር ይባላል። ዓላማሽ እሱ ይሁን።

ሙራባሃ የሚባለውን፣ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ የመሸጥ ውል እንውሰድ። አንድ የአጣዬ ነጋዴ ወፍጮ ፈለገ እንበል። ባንኩ ብር አያበድረውም፤ ወፍጮውን ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ነግሮት በዱቤ ይሸጥለታል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ወፍጮው ገና የባንኩ ንብረት ሳይሆን የሽያጭ ውል ከተፈረመ ባንኩ የሌለውን ሸጧል። ዕቃ ሳይገዛ ነጋዴው ጥሬ ብር ከተቀበለ ደግሞ ቤተሰቦችሽ እውነት አላቸው፣ ወለድ ነው። ስለዚህ ኦዲተሩ የአቅራቢውን ደረሰኝ፣ የርክክቡንና የውሉን ቀን ያስተያያል። ከተዛነፉ የባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ፣ ማለትም አሠራሩ ከእስልምና ሕግ ጋር መስማማቱን የሚያዩት ሊቃውንት፣ ትርፉ ከባንኩ ገቢ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት እንዲውል ሊወስን ይችላል። የአንድ ቅርንጫፍ ቸልተኝነት የዓመቱን ሂሳብ ይነካል ማለት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን የአስቀማጩ እምነት ነው፤ ወለድ ሸሽቶ የመጣ ሰው ከተጠራጠረ ገንዘቡን ይዞ ይወጣል።

ባንክ ስትመርጪ ማስታወቂያውን ተይና የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴው ተጠሪነት ለማን እንደሆነ ጠይቂ። ሥራ አስኪያጁ የሚለካው በትርፍ ነው፤ ትርፉን የሚቆርጡበትን ሰዎች አበል እሱ ከወሰነ ኮሚቴው የተቀመጠው ለይስሙላ ነው። ተጠሪነቱ ለቦርዱ ወይም ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ ከሆነ ደግ ነው። አማና (አደራን መጠበቅ) እና ሹራ (ተመካክሮ መወሰን) በኩባንያ ውስጥ የሚታዩት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘርፉ ገና ወጣት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ የፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው አዮፊ የተባለው የእስልምና ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ተቋም ለሸሪዓ አማካሪዎችና ኦዲተሮች የምስክር ወረቀት ፈተና አለው፤ እሱን ግን ሥራ ከያዝሽ በኋላ ድረሺበት።

ለጊዜው የቅርንጫፍ መደብ ቢወጣ አትናቂ፣ ተወዳደሪ። የሙራባሃ ፋይል ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው ክፍያ በእጅሽ ይለፍ፤ ለኦዲት ክፍል ስትወዳደሪ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው።