ቴሌስኮፕ ከመግዛትዎ በፊት ይዋሱ፤ ግን ትልቁን አይደለም

«ልጄ ሳተርንን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ እረፍት ነሥቶኛል። ከገበያ 600 እጥፍ ያጎላል የተባለውን ልግዛለት ወይስ ከጎንደር የስነ ፈለክ ክበብ ትልቁን ቴሌስኮፕ ልዋስለት?» ብለው ለጠየቁ እናት፦

እህቴ፣ ይዋሱ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 600 እጥፍ አይመኑት። የቴሌስኮፕ አቅም ብርሃን የሚቀበለው የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ነው። የሚጠቅመው ማጉላት ቢበዛ በሚሊሜትር የተለካው ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ለምሳሌ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከ140 እጥፍ በላይ ሲገፋ የሚያሳየው የደበዘዘ ነገር ብቻ ነው። ከዚያም የሚብሰው መቆሚያው ነው። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ልጅ በጣቱ በነካው ቁጥር ምስሉ ይርገበገባል። በዚህ ምክንያት በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር የተረሱ ብዙ ቴሌስኮፖች አይቻለሁ፤ ልጆቹ ሰማይ የጠሉ ይመስላቸዋል እንጂ ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም።

ትልቁን አይዋሱ ያልኩት ደግሞ ስለሚከብድ ነው። ባለ 8 ኢንቹ (የመስታወቱ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው) ከነመቀመጫው ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፤ ቱቦው ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ባጃጅ ውስጥ አስገብተው በኮብልስቶን ላይ ሲያንገጫግጩት መስታወቶቹ ከመስመር ይወጣሉ፤ እነሱን መልሶ ማስተካከል ለጀማሪ አድካሚ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ 114 ሚሊሜትር ይጠይቁ። ጭንዎ ላይ አድርገው ቤትዎ ይደርሳሉ። አሜሪካ ውስጥ የኒው ሃምሻየር የስነ ፈለክ ማኅበር በፈረንጆቹ 2008 በቤተ መጻሕፍት በኩል ለሕዝብ ማዋስ ሲጀምር የመረጠውም ይህንኑ መጠን ነው። በ75 እጥፍ የሳተርን ቀለበት ከአካሉ ተለይቶ ይታያል፤ ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎችም 26 እጥፍ ይበቃቸዋል።

ስለ ፎርሙና ስለ መታወቂያው አይጨነቁ፤ ክበቡ ይነግርዎታል። እኔ አደራ የምለው ስለ ርክክቡ ነው። ዕቃውን ተቀብለው አይሂዱ፤ ከሚያስረክብዎት ሰው ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጡ፣ ልጅዎንም ይዘው ይምጡ። ትንሿን ማነጣጠሪያ ከዋናው ቱቦ ጋር ማስተካከል የሚሻለው በቀን ብርሃን ነው። የፋሲል ግንብ ክብ ጉልላት ወይም የሩቅ የስልክ ማማ ላይ አነጣጥረው ሁለቱ አንድ ቦታ እስኪያዩ ድረስ ብሎኖቹን ያዙሩ። ምስሉ ተገልብጦ ቢታይ አይደንግጡ፤ የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ተፈጥሮው ነው። ማታ ደግሞ ልጅዎ ቱቦውን በቀስታ መግፋት ይለማመድ። ምድር ስለምትዞር በ75 እጥፍ ሳተርን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ከዕይታ ይወጣል፤ ልጆች «ጠፋ!» ብለው የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው።

መስታወቱ ላይ አቧራ ቢያዩ ይተዉት። አቧራ ምስል አያበላሽም፤ መጥረግ ግን ያበላሻል። አንድ ተዋሽ በነጠላ ጫፍ ጠርጎ መልሶልን የቧጨረው መስመር እስከ ዛሬ አለ፤ የአሉሚኒየሙ ሽፋን ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በቀላሉ አይመለስም።

ወደ ፀሐይ በፍጹም አያዙሩት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ ከጎንደር ከፊሉን ለማየት ምን ያህል ሰው እንደጓጓ እናስታውሳለን፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ደመናው ከፈቀደ ሌላ ከፊል ግርዶሽ ከዚሁ ይታያል። ማጣሪያው ከቱቦው ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል መታሰር አለበት። ዓይን በሚደረግበት ሌንስ ላይ የሚጠመደው በሙቀት ስለሚሰነጠቅ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ።

ለሳተርን ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። የመንገድ መብራት ለፕላኔትና ለጨረቃ ብዙ አይጎዳም፤ ግቢዎ ይበቃል። ሰፈሩ መብራት ከጠፋበት ግን ልጁን ቀስቅሰው ያውጡት፤ የኦሪዮን ኔቡላ፣ ማለትም በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚታየው የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ነው። ለልጁ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሳተርን ቀለበት በመጋቢት 2017 ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለነበር አሁንም እንደ መጽሐፉ ሥዕል ሰፊ አይደለም፤ በየዓመቱ እየተከፈተ ይሄዳል። ጨረቃን ደግሞ ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ያሳዩት፤ የጉድጓዶቹ ጥላ የሚረዝመው በብርሃንና በጨለማው ድንበር ላይ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሳተርን በምሽት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ክረምቱ አልፎ የጎንደር ሰማይ የሚጠራውም ያኔ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚፈልገው ተራው ይረዝማል፤ ስምዎን ከመስከረም በፊት ያስመዝግቡ፣ ለሁለት ሳምንትም ይጠይቁ። አንድ ሳምንት በደመና ቢያልፍ ሌላው ይቀርዎታል።