ፕሮቲን ሁሉ “ገንቢ” ነው?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ “ፕሮቲን” በማለት ፈንታ “ገንቢ ምግብ”፣ “ጂኖም” በማለት ፈንታ ደግሞ “ዘረመል” ብለው ይጽፋሉ። አማርኛ ነውና ልለፈው ወይስ ነጥብ ልቀንስ?

መልስ፦ መምህር፣ “ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ” እያልን ያደግነው ስለ ምግብ ስንማር ነው። ስለ ሽሮና ስለ እንቁላል ከጠየቋቸው መልሳቸው ልክ ነው። ሴል ውስጥ ሲገቡ ግን ቃሉ ይከዳቸዋል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ ፕሮቲን ነው፤ ሥራው ግን የእንጀራውን ስታርች መቆራረጥ ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች) ያሉት መልእክተኛ ነው። ፀረ እንግዳ አካልማ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ በሽታ ተከላካይ ነው! እኔ ያለሁት እዚያው አጠገብዎ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ይህን ስጽፍ ከመስኮቴ ሥር አንዱ ብሎኬት ይደረድራል፣ ሌላው የተንጋደደውን ግድግዳ በመዶሻ ያፈርሳል። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ግንበኛው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳህን ላይ “ገንቢ”፣ ሴል ውስጥ “ፕሮቲን” ይበሉ። ባዕድነቱም አያሳስብዎ፤ በ1838 እ.ኤ.አ. ከግሪክኛ “ቀዳሚ” ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ለእንግሊዝኛውም እንግዳ ነበር።

ወደ ጂኖም ስንመጣ ጠንከር ይበሉ። “ዘረመል” ለጂን፣ ማለትም ለአንዱ የውርስ መመሪያ፣ ጥሩ ስም ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ጂኖም ግን የአንድ ሕያው ነገር የዲኤንኤ (የውርስ መረጃው) ጽሑፍ ጠቅላላው ነው፤ በሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት። ለፕሮቲን መመሪያ የሚሆነው ከዚያ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። “የሰው ጂኖም ፕሮቲን የሚያስገኙ 20,000 ያህል ዘረመሎች አሉት” የሚለውን በተማሪዎችዎ አማርኛ ቢጽፉት “የሰው ዘረመል 20,000 ያህል ዘረመሎች አሉት” ይሆናል። ድስቱም ወጡም አንድ ስም ያዙ ማለት ነው። “ሙሉ ዘረመል” የሚል ካለ ግን አልጣላውም።

“ዘር” ብቻውንማ አይሞከርም። የጤፍ ጂኖም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህንኑ “የጤፍ ዘር ታተመ” ብለው ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ላለ ገበሬ ቢነግሩት፣ ጆንያው ላይ ማኅተም የተመታ ነው የሚመስለው።

ለብዙ ቁጥር “ፕሮቲኖች”፣ “ጂኖች” ይበቃል። “ጂንስ” ብሎ የሚጽፍ ካገኙ ግን ሙሉ ነጥቡን ይቀንሱበት፤ ጂንስ እኛ ዘንድ ሱሪ ነው።