ቦዲ ኮምፒውተሩ ሞቷል ከተባላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሁለት የቦዲ ኮምፒውተር በተከታታይ ገዝቶ፣ መኪናው ግን ያው እንደነበረች መቅረቷን ጻፈልን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ስለወጣሁ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። እንጀራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ስለ ሞተርና ማርሽ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይሄ ቢሲኤም የሚሉት ምንድን ነው? ከሞተሩ ኮምፒውተር ይለያል?

መልስ፦ ይለያል። የሞተሩ ኮምፒውተር ሥራው ነዳጅና እሳት ነው። ቢሲኤም፣ ማለትም የቦዲ ኮምፒውተሩ፣ የቀረውን ይይዛል፦ መብራት፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ መስኮት፣ የበር ቁልፍ፣ ክላክስ። በብዙ መኪና ላይ የቁልፉን ቺፕ የሚያውቀውም እሱ ነው። ቶዮታ «ሜን ቦዲ ኢሲዩ» ይለዋል። ድሮ ፍሬቻ ስትነካ ኤሌክትሪኩ ከማብሪያው በፍላሸር አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርስ ነበር። አሁን ማብሪያው ለቢሲኤም ይነግራል እንጂ አምፖል አያበራም። አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ስር፣ ፊውዝ ሳጥኑ አካባቢ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ኮሮላ አለኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ መስኮቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። በሩ ራሱን ይቆልፋል። የውስጥ መብራቱ ይርገበገባል። ጋራዥ «ቢሲኤሙ ሞቷል፣ ቀይር» አሉኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ። «ክረምቱ ከገባ ወዲህ» ያልካት ነገር ግማሹን መልስ ሰጥታኛለች። የሞተ ሳጥን ወቅት አይመርጥም።

መጀመሪያ ባትሪውን ለካ። መኪናዋ ጠፍታ ካደረች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። 12.2 ካነበበ ግማሽ ገደማ ባዶ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ይሆናል። እዚህ ላይ ችግር ካለ ባትሪውንና ዲናሞውን ሳታስተካክል ስለ ኮምፒውተር ማውራት ከንቱ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ እነዚህ ሳጥኖች እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚያደርጋቸው።

ከዚያ ፊውዝ። ነቅሎ በዓይን ማየት አይበቃም፤ በቦታው እንዳለ፣ ዕቃው እየሠራ፣ በሁለቱም ጫፉ ለካ።

ከዚያ ኔጌቲቭ። ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። የቴስተርህን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቢሲኤሙ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርግ። ከዚያ መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ሁሉንም አብራ። ንባቡ ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ፣ ሽቦው ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቦታ ዝጓል ወይም ላልቷል። ብሎኑን ፈትተህ፣ ብረቱን እስኪያበራ ፍቀህ እሰረው። ስንት «የሞተ» ሳጥን በአንድ ብሎን ሲነሳ አይቻለሁ!

በመጨረሻ ሶኬቶቹን ነቅለህ ተመልከት። ያንን ሁለት ሳጥን የገዛውን ልጅ መኪና ያየኋት እኔ ነኝ። ምንጣፉን ስገልጥ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጠገበ አንባሻ አብጧል። ከፊት መስታወቱ ስር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኗል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ የሽቦውን ጥቅል ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ገባ። በስልክ መብራት ሳየው ሁለቱ ፒኖች አረንጓዴ ሆነዋል። አንደኛው ቀጥኖ ቀጥኖ ክር አክሏል፤ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ሳጥንም፣ የተገዙት ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ። ፒኖቹን ቀየርኩ፣ መውረጃውን ከፈትኩ፣ ምንጣፉ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። አለቀ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው በእርግጥ ሳጥኑ ነው የሚባለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የሚገባውና የሚወጣው ሲነጻጸር ነው። የመኪና ኮምፒውተር የሚያነብ ጥሩ ማሽን ሰክተህ ቀጥታ ንባቡን ክፈት። የመስኮት ማብሪያውን ስትጫን ማሽኑ ላይ «ተጫነ» ካለ፣ መልእክቱ ቢሲኤሙ ጋ ደርሷል። አሁን በማሽኑ ራሱ ትእዛዝ ስጥና ከቢሲኤሙ የሚወጣውን ፒን ለካ። 12 ቮልት ከወጣና መስኮቱ ካልተነቃነቀ ሳጥኑ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ወይም ሞተሩ ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ኤሌክትሪክና ኔጌቲቩ ደህና ሆኖ፣ ትእዛዙ ደርሶ፣ ፒኑ ላይ ምንም ካልወጣ ያኔ ፍረድበት። አንዳንድ መኪና ትእዛዙን በኔጌቲቭ ወይም በሌላ ኮምፒውተር በኩል ስለሚልክ የሽቦ ሥዕሉን ሳታይ አትለካ።

ጥያቄ፦ በማሽን ሲነበብ ዩ0140 አለ። ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያ ኮድ የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ስሞታ ነው፤ «ቢሲኤሙን ብንጠራው አይመልስም» እያሉ ነው። ሰው ስልክ አላነሳም ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ ኔትወርክ ይሆናል። እነዚህ ሳጥኖች የሚነጋገሩት ካን በሚባሉ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ነው። ባትሪውን ፈትተህ ጥቂት ጠብቅና፣ ማሽን የሚሰካበት ሶኬት ላይ በ6 እና በ14 ቁጥር ፒን መካከል ኦም ለካ። 60 አካባቢ ከሆነ መስመሩ ደህና ነው። 120 ከሆነ በሁለቱ ጫፍ ካሉት ሬዚስተሮች አንዱ እየታየ አይደለም፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጦ ይሆናል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ግን መሃል ላይ ሌላ ኮምፒውተር ስለሚቀመጥ፣ ከዚያ ሶኬት የምትለካው የመስመሩን አንድ ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ላግኝ ወይ? አዲሱ አይቀመስም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ያገለገለ ነውር የለውም፤ ግን ሦስት ነገር ይያዙልኝ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከእርስዎ ጋር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይመሳሰል። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓመት ምርት፣ ግን አንዱ ሰንሩፍ ያለው፣ ሌላው የሌለው ይሆናል፤ ሳጥናቸው ይለያያል። ሁለተኛ፣ ቢሲኤሙ የቁልፉን ቺፕ የሚይዝበት መኪና ከሆነ የሌላ ሰው ሳጥን የእርስዎን ቁልፍ አያውቀውም፤ መኪናዋም አትነሳም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ፕሮግራም የሚያደርግልዎትን ሰው ያግኙ። ሦስተኛ፣ አሮጌውን እንዳይጥሉ፣ በለውጥም እንዳይሰጡ። በውስጡ ያለው መረጃ ወደ ያገለገለው ሊገለበጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። አንዳንዴም የተበላሸው አንድ የተበየደ ሪሌ ብቻ ስለሚሆን ራሱ አሮጌው ይጠገናል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ አለችኝ። ፍሬን ሳልነካ የፍሬን መብራቱ ይበራል፣ ስነካ ደግሞ አንዳንዴ አይበራም። ክሩዝ ኮንትሮሉም ጠፋ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይቺ የታወቀች ናት። ጄኔራል ሞተርስ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለዚሁ ነገር ጠርቷል፤ ከ2004 እስከ 2012 ያለው ማሊቡ አለበት፣ ፖንቲያክ ጂ6 እና ሳተርን ኦራም አሉ። መፍትሔው ታዲያ ምን መሰለሽ? አዲስ ሳጥን አልነበረም። የቢሲኤሙ ሶኬት በንቅናቄ ብዛት ፒኖቹን ዝገት ይይዛቸው ስለነበር፣ ቅባት ቀብተው፣ እንዳይነቃነቅ ድጋፍ አድርገው፣ የፔዳሉን ቦታ እንደ አዲስ አስተማሩት። የሻንሲ ቁጥርሽን በአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቢና እስካሁን ያልተሠራላት መሆኗን እዪ። መብራቱ እስኪስተካከል ሀይዌይ ላይ አትውጪ፤ ከኋላሽ ያለው ሰው መቆምሽን አያውቅም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሦስት ቀን ከቆመች ባትሪው ያልቃል። ቢሲኤሙ ነው አሉኝ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ቢሲኤሙ አልተኛም፣ ማለትም መኪናዋ ከቆመች በኋላም መሥራቱን አላቆመም ማለት ግን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በሩ ሳይዘጋ የተዘጋ የሚመስል ከሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። አምፔር ስትለካ ሁሉንም ቆልፈህ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቅ። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው የምትጠጣው። ግማሽ አምፔር ከሆነ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ60 ባትሪ በሦስት ቀን ከግማሽ በላይ ይሄዳል። ሒሳቡ ከአንተ ጋር ገጠመ አይደል? ፊውዝ እየነቀልክ አትፈልግ፣ መልሰህ ስትሰካው የተኛውን ትቀሰቅሳለህ። በፊውዙ ጀርባ ሚሊ ቮልት ለካ፤ የሚያነበው መስመር ላይ ነው ሌባው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ይሄ አይመለከተውም አይደል?

መልስ፦ በደንብ ይመለከተዋል። ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት መስመር አላት፤ በርና መብራት የሚሠሩት በዚያ ነው። ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ ከተሞላ መጀመሪያ ትንሹን ባትሪ ለካ። ብርቱካናማ ሽቦ ግን የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ እንዳትነካ።

ጥያቄ፦ ቁርጥ ሆኖ ሳጥኑ ሊቀየር ነው። እኔ ራሴ ልቀይረው?

መልስ፦ መፍታትና ማሰሩ ቀላል ነው። ከመፍታትህ በፊት በማሽን ያለውን ሁሉ አንብበህ አስቀምጥ። ባትሪውን ፍታና ለኤርባጉ ስትል ጠብቅ፤ ብዙ የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል። ሶኬቶቹን ፎቶ አንሳ። ፕሮግራም ሲደረግ ግን ባትሪው ላይ ቻርጀር ይኑር። መሃል ላይ ቮልቴጅ ወርዶ ከተቋረጠ አዲሱም ሳጥን ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ካለቀ በኋላ መስኮቱ ባንዴ አልወጣም ብለህ አትደንግጥ፤ እስከ ላይ ዘግተህ ጥቂት ሰከንድ ጫን ብትለው በብዙ መኪና ላይ ይማራል።

ጥያቄ፦ የኮሮላው ሰውዬ ነኝ። ምንጣፉን አሁን ገለጥኩት። በሹፌሩ በኩል እርጥብ ነው።

መልስ፦ ጠርጥሬያለሁ። ሶኬት ከመንቀልህ በፊት ባትሪውን ፍታ። ከዚያ የፒኖቹን ፎቶ ላክልኝ፣ ከአጠገቡ ያለውን አረንጓዴ ነገር ጨምረህ።