«ምንም አይሆንም» አትበሉ

የሥነ ልቦና ትምህርት ለጀመራችሁና በጭንቀት ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ለምትመኙ ልጆቼ፤

በስተርጅና ምክር መስጠት ይቀናል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከስህተቴ ልጀምር፤ የሰው ስህተት ሲወራ ጆሮ ይከፈታል።

ሥራ የጀመርኩት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ የጭንቀት ሕክምናና ምርምር ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ መጠይቅ ማስሞላት፣ ቀጠሮ ማስታወስና ካሴቶችን በቁጥር መደርደር ነበር። ከታካሚ ጋር እንድቀመጥ የተፈቀደልኝ በሁለተኛው ዓመት ሲሆን፣ እሱም አሠልጣኜ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆና እያየችኝ ነው። ታካሚው የአንዲት ሕፃን አባት ነበር፤ ኦሲዲ ነበረበት፤ ይህም የማይፈልጉት አስፈሪ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግመው እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕመም ነው። የበር እጀታ በነካ ቁጥር እጁ እስኪሰነጣጠቅ ይታጠባል፤ ካልታጠበ በሽታ አስተላልፎ ልጁን የሚገድላት ይመስለዋል። የክፍሉን እጀታ እንዲይዝ ነገርኩት። ያዘው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ዞር ብሎ እያየኝ «ልጄ ምንም አትሆንም፣ አይደል?» አለኝ።

«አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» አልኩት። የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን ልጅ ሆኜ ጨለማ ስፈራ እናቴ ትለኝ የነበረው ቃል ነው። የሰውየው ትከሻ ወረደ፣ ትንፋሹ ተመለሰ። እኔም ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ታካሚው ከወጣ በኋላ አሠልጣኜ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ዛሬ በውኃ አልታጠበም፤ በአንቺ ቃል ታጠበ» አለችኝ። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቀኝ ሦስት ጊዜ ደወለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍርሃት ሲነሳ ሰው ይሸሻል፣ ይታጠባል፣ ይጠይቃል። ወዲያው ይቀለዋል። አእምሮው ግን ከዚህ የሚማረው «ያዳነኝ መታጠቤ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ሳይታጠብ ቢቆይ የፈራው ነገር እንደማይደርስ፣ ቢጨንቀው እንኳ ጭንቀቱን ችሎ ማለፍ እንደሚችል የሚማርበት ዕድል አያገኝም። ሐኪሙ «ምንም አይሆንም» ባለ ቁጥር ለታካሚው አዲስ ሳሙና ያቀብለዋል። ሳሙናው ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው ወስዋሳ እንለዋለን። ቃሉ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ይታወቃል፤ ችግሩ እንደ ስድብ መጠቀማችን ነው። ወስዋሳ የተባለ ሰው ራሱን ይደብቃል፤ ወደ ክሊኒክ የሚመጣውም ነገሩ ከከረረ በኋላ ነው።

ይህ ዕውቀት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባችኋል፤ ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አይደለምና። ጆሴፍ ወልፒ እ.ኤ.አ. በ1915 ጆሃንስበርግ የተወለደ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦርነት ድንጋጤ የያዛቸውን ወታደሮች በጊዜው በነበረው መንገድ አክሞ ውጤቱ አላረካውም። ከዚያ በድመቶች ላይ ፍርሃት እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ መረመረ፤ በኋላም ታካሚን ከቀላሉ ፍርሃት ወደ ከባዱ በደረጃ የሚወስድ ሕክምና ቀየሰ። ዛሬም «አሁን ከመቶ ስንት ነው?» እያልን የምንጠይቅበት የጭንቀት መለኪያ የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ማየር ለንደን ውስጥ ሁለት የኦሲዲ ታካሚዎችን የሚፈሩትን እያስነካ እንዳይታጠቡ የሚከለክል ሕክምና አሳተመ። ሁለት ሰው ብቻ! ሐይፋ የተወለደችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድና ፎኣ፣ ወልፒ ያስተምርበት በነበረው በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ከእሱ ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የራሷን የጭንቀት ሕክምናና ጥናት ማዕከል አቋቋመች። ማዕከሉ አሁን በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። የእነዚህን ሰዎች ፈለግ ስከተል የሚያስገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ታካሚው ሲጨነቅ እያዩ እጃቸውን መሰብሰብ መቻላቸው።

እጅ መሰብሰብ ግን መቀዝቀዝ አይደለም። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች «ምንም አይሆንም» አለማለትን ከተማሩ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣሉ፤ ፊታቸውን እንደ ዳኛ ያከብዳሉ። እኔም አድርጌዋለሁ። ያስተካከለችኝ ያችው አሠልጣኜ ናት። አንድ ቀን ታካሚዋን የክሊኒኩ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወለል ላይ አስቀምጣ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። ብስኩት አወጣች፣ ወለሉን አስነካችው፣ መጀመሪያ ራሷ ቆርሳ በላች፤ ከዚያ ግማሹን ዘረጋችላት። እናቴ ብታይ ኖሮ ሁለቱንም በዱላ ታስወጣቸው ነበር። ታካሚዋ ስታለቅስ አሠልጣኜ «ምንም አይሆንም» አላለችም። «ከባድ ነው፤ እዚሁ ነኝ» አለቻት። የኛ «አይዞሽ» ሁለት ነገር እንደያዘ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አንዱ «አብሬሽ ነኝ» ነው፣ ሌላው «የፈራሽው አይደርስም» ነው። የመጀመሪያውን ያለ ስስት ስጡ። ሁለተኛውን ዋጡት።

ከወገኖቻችን ጋር ስትሠሩ ይህ ይከብዳል። አንዲት እናት ነበረች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆማ በታቦቱ ላይ የስድብ ቃል በአእምሮዋ ይመጣባታል። ቃሉ በመጣ ቁጥር ትሰግዳለች፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ትደግማለች፣ ለንስሐ አባቷ ትደውላለች። እሳቸውም ደግ ስለሆኑ በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም» ይሏታል። «አሁን ጭንቀትሽ ከመቶ ስንት ነው?» ስላት መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው፤ እጇ ግን ነጠላዋን ይቋጥራል ይፈታል። ቁጥር ከአፏ ለማውጣት ሦስት ቀጠሮ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ራሷ «እንደ ጆንያ ቁጠሪው፤ አሁን ሰማንያ ኪሎ ተሸክሜያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በኪሎ ተግባባን።

በእሷ ፈቃድ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገርን። ሕክምናው የሚጠይቃት ሐሳቡ ሲመጣ ሳትደግምና ሳትጠይቅ ቅዳሴውን መጨረስን እንጂ ኃጢአት መሥራትን እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ጥያቄውን አንድ ጊዜ መልሰው፣ ዳግመኛ ስትጠይቅ «ነግሬሻለሁ፤ አሁን ወደ ሥራሽ» ለማለት ተስማሙ። ስለ ወስዋስ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያውቁ ነበር። የሃይማኖት አባትን እንደ ባላጋራ የሚያይ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ወገኖቻችንን የማከም ልምድ እንደሌለው ገምቱ።

አሁን ወደ ምርምሩ። ሕክምናውን የሚወዱ ወጣቶች መጠይቁንና ሠንጠረዡን እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ ግን «ምንም አይሆንም» የምትለው ምላስ በሠንጠረዥም ውስጥ እንዳለች እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የፎኣና የባልደረቦቿ ጥናት 122 የኦሲዲ ታካሚዎችን በዕጣ አከፋፍሎ ለ12 ሳምንታት ተከታተለ። አንዳንዶቹ የሚፈሩትን እየነኩ ሳይታጠቡ የሚቆዩበትን ዓይነት የመጋፈጥ ሕክምና፣ አንዳንዶቹ ክሎሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አስመስሎ የተሠራ ክኒን፣ ወሰዱ። የትኛው ታካሚ ምን እንደደረሰው የማያውቁ ገምጋሚዎች ውጤቱን መዘኑ። የመጋፈጡን ሕክምና ከጨረሱት መካከል 86 ከመቶ የሚሆኑት ተሻላቸው። ግሩም ቁጥር ነው። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላም ቁጥር አለ፤ ጀምረው ያቋረጡት ሲጨመሩ 62 ከመቶ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም አሳተሙ። በር ላይ ቆሞ «ይሻለኛል?» ለሚላችሁ ታካሚ የትኛውን ትነግሩታላችሁ? እኔ 62ቱን ነው የምናገረው፤ ከዚያ 86ቱን እጨምርና ልዩነቱ እስከ መጨረሻው መምጣት መሆኑን አስረዳለሁ።

ዶክትሬት እስክትይዙም አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ጭንቀት ለያዛቸው 63 ታዳጊዎች የተሰጠውን ሕክምና ይዘግባል፤ የደረሰባቸውን ደጋግሞ በመተረክ የሚሰጠውን የመጋፈጥ ሕክምና ጨምሮ ሕክምናውን የሰጡት ነርሶች ናቸው፤ መጋፈጡም ከድጋፍ ምክር የተሻለ ውጤት አሳየ። ነርሶቹ ሠልጥነዋል፣ ሥራቸውንም የሚከታተል ባለሙያ ነበራቸው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ሆናችሁ የምታነቡኝ ይህን ልብ በሉ። ተቆጣጣሪ ከሌላችሁ ግን የሰውን ቁስል አትክፈቱ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሌላው ምክሬ ስልክ ስለማንሳት ነው። ያቋረጡትን ታካሚዎች መጥራት በክሊኒክ ውስጥ ማንም የማይወደው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ይሰጣል፤ ለእኔም ተሰጠኝ። በአንድ ጥናታችን ላይ ብዙ ሰው ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ይጠፋ ነበር። በሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ታላላቆቹ ምክንያቱን ለአንድ ሰዓት ተከራከሩበት፤ አንዱ ሕክምናው ያስፈራል አለ፣ ሌላው የታካሚው ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው አለ። ንድፈ ሐሳብም ተጠቀሰ። እኔ ከጥጉ ተቀምጬ ዝርዝሩን ያዝኩ፤ ከሰዓት በኋላ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ያነሳችው ሴት ሥራ ላይ ነበረች፤ ከጀርባዋ የገንዘብ መቀበያ ማሽን ይሰማል። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት ትንሽ አፈረች። የክሊኒኩ መኪና ማቆሚያ ሂሳብ ከምሳዋ እንደሚበልጥ፣ አራት ጊዜ ከከፈለች በኋላ እንዳቃታት ነገረችኝ። ሕክምናውን ወዳው ነበር። ከደወልኩላቸው ሌሎች ሁለቱም ያንኑ አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዝርዝሩን ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወር ጀምሮ የመኪና ማቆሚያው ሂሳብ ከጥናቱ በጀት ተከፈለ፤ ሴትየዋም ለአምስተኛው ቀጠሮ መጣች።