አንዲት መንደር፣ አንድ ጅረት፣ ሁለት ጀርመን

«ልጄ በትምህርት ቤት የአንዲትን ትንሽ የጀርመን ገጠር መንደር ታሪክና አቀማመጥ ጽፎ እንዲያቀርብ ታዟል፤ የትኛዋን ይምረጥ፣ ከምንስ ይጀምር?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፦ እኔ ከምኖርበት ከሆፍ ከተማ ብዙም የማትርቀውን ሜድላሮይትን ቢመርጥ ይሻላል እላለሁ። ነዋሪዎቿ ሃምሳ ገደማ ብቻ ናቸው። ሲጽፍ ግን ከቤቶቹ ሳይሆን መንደሯን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ከሚያልፈው ጅረት ቢነሣ መልካም ነው፤ የደረሰባት ሁሉ በዚያ ውሃ ምክንያት የደረሰ ነውና።

ጅረቱ ታንባኽ ይባላል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሣሩ ሸፍኖት ስለነበር አልፌው ሄጄ ተመልሼ ነው ያገኘሁት። አንዱን እግሬን ከወዲህ፣ ሌላውን ከወዲያ አድርጌ ቆምኩበት፤ ግራ እግሬ በባየርን፣ ቀኝ እግሬ በቱሪንገን ክፍለ ግዛት ምድር ላይ ነበር።

አካባቢው ፎግትላንድ የሚባለው ወጣ ገባ አገር ሲሆን፣ እርሻው፣ የግጦሽ መስኩና የጥድ ደኑ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ የክረምቱም ብርድ ብርቱ ነው። በመንደሯ ስም መጨረሻ ያለው «ሮይት» የሚለው ቃል ደን ተመንጥሮ የቀና መሬት ማለት ስለሆነ፣ ስሟ ራሱ የጥንት ገበሬዎች እንዴት እንደሰፈሩባት ይናገራል። በባይሮይት ከተማ ስም ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 በጅረቱ ዳር የድንበር ድንጋዮች ተተከሉ፤ በአንድ ወገን የባየርን ንጉሣዊ መንግሥት፣ በሌላው ኋላ የቱሪንገን አካል የሆነው የሮይስ መሳፍንት ግዛት ሆነ። ይህ ግን የገበሬውን ኑሮ የሚያውክ ድንበር አልነበረም። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንገን በኩል ስለነበሩ የባየርን ልጆች ለትምህርት ይሻገሩ ነበር፤ ለቅዳሴ ደግሞ የሁለቱም ወገን ሰዎች በባየርን በኩል ወዳለችው ወደ ቴፐን ይሄዱ ነበር። ልጁ ይህንን ክፍል በጥድፊያ እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ ምን እንደተቆረጠ የሚገባው ምን እንደነበረ ሲያውቅ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያው ጅረት በባየርን በኩል ያለው የአሜሪካና በቱሪንገን በኩል ያለው የሶቪየት ይዞታ ወሰን ሆነ፣ በ1949 ደግሞ የሁለት አገሮች፣ የምዕራብና የምሥራቅ ጀርመን። እስከ 1952 ድረስ የይለፍ ወረቀት ይዞ መሻገር ይቻል ነበር። በዚያ ዓመት ግን ምሥራቅ ጀርመን በድንበሯ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የተከለከለ ቀጠና ደነገገች፤ «አይታመኑም» የተባሉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነቀሉ፣ በመንደሯም መጀመሪያ የእንጨት አጥር፣ ቀጥሎም እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ። በ1966 ሰባት መቶ ሜትር ርዝመትና ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ቆመ። የአሜሪካ ወታደሮች «ትንሿ በርሊን» ያሏት በዚህ የተነሣ ነው። በ1973 አንድ ሰው በመሰላል ግንቡን ተሻግሮ አምልጧል።

በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዬ ያገለገልኳቸው አንዲት የአካባቢው እናት ከሁሉ ይልቅ የሚያማቸው ሰላምታው ነበር። በምሥራቅ በኩል ላሉት ወደ ምዕራብ እጅ ማውለብለብ ክልክል ስለነበር፣ ዘመዶቻቸውን በዓይናቸው እያዩ፣ እርሳቸው እጃቸውን ሲያነሱ እነዚያ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 9 ቀን 1989 መሻገሪያ ተከፈተ፤ ግንቡም በሰኔ (ጁን) 17 ቀን 1990 ፈረሰ፣ ጥቂቱ ክፍል ግን ለመታሰቢያ ቀርቷል። መንደሯ ዛሬም በሁለት ክፍለ ግዛቶች ሥር ናት፤ የባየርኑ ወገን በቴፐን፣ የቱሪንገኑ በጌፌል ከተማ ይተዳደራል፣ የፖስታና የስልክ መለያ ቁጥራቸውም ይለያያል። ሰላምታቸው እንኳ አንድ አይደለም፤ በባየርን በኩል «ግሩስ ጎት»፣ በቱሪንገን በኩል «ጉተን ታግ» ይባላል። ይህ የድሮው፣ ማንንም የማይጎዳው ልዩነት ነውና ልጁ ከግንቡ ጋር እንዳያደባልቀው ያስረዱት።

ከቻሉ ይዘውት ይምጡ። የጀርመን–ጀርመን ሙዚየም እዚያው መንደሯ ውስጥ ነው፤ የተረፈው ግንብና የመጠበቂያው ማማም በቦታቸው አሉ። ከመግባታችሁ በፊት ግን ጅረቱን ተከትላችሁ ጥቂት ተራመዱ፤ ልጁም ከ1810ዎቹ ድንጋዮች አንዱን ፈልጎ በሁለቱም ወገን የተቀረጹትን ፊደላት በደብተሩ ይገልብጥ።