ለሥነ ምግባር ነጥብ መስጠት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪዎችን በተግባር ልምምድ ላይ አስተምራለሁ። በምዘና ቅጹ ግርጌ «ሙያዊ ሥነ ምግባር፣ ከ10» የሚል መስመር አለ፤ ለሁሉም 9 እሞላለሁ። በቅርቡ ግን በጽሑፍ ፈተና ብርቱ የሆነ አንድ ተማሪ ያልለካውን የደም ግፊት በታካሚ ካርድ ላይ ጽፎ አገኘሁት፤ ቁጥሩን ራሴ ለክቼ አስተካከልሁና እርሱን ዝም ብዬ አለፍሁት። ጠባይ በእርግጥ ይመዘናል? በትምህርትስ ይታረማል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። የሕክምና ፕሮፌሰሯ ማክሲን ፓፓዳኪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ በፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ሐኪሞች ጋር አነጻጽረው፣ በተማሪነት ዘመን የተመዘገበ የሙያዊ ጠባይ ጉድለት በተቀጡት ዘንድ ጎልቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል፤ ከሁሉ በላይ የጎሉትም ከባድ ኃላፊነት የጎደለው አሠራርና ከስሕተት ተምሮ ራስን ለማሻሻል አለመቻል ነበሩ። ይህ ማለት ግን አንድ ጊዜ ያጠፋ ተማሪ ሁሉ መጥፎ ሐኪም ይሆናል ማለት አይደለም።

አመለካከት በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ድርጊት ነው። ስለዚህ ያ 9 ለማንም የሚነግረው ነገር የለም፤ «ሳይለካ ጻፈ» የሚለው ግን ቀንና ሁኔታው ተጠቅሶ በዕለቱ ሲመዘገብ ለተማሪውም ለትምህርት ክፍሉም ይጠቅማል። ሰው ሲደክምና ሥራ ሲበዛበት የሚያሳየው ጠባይ ስለሚለያይ፣ በተለያየ ጊዜ የተደረገ ምልከታ፣ በተለይም አስተማሪ በሌለበት ሰዓት አብረውት የሚውሉ ነርሶችና ታካሚዎች የሚሰጡት አስተያየት ያስፈልጋል።

ወደ ተማሪዎ ልመለስ። ጊዜው ቢያልፍም ለብቻው ይጥሩት፤ ከመፍረድዎ በፊት ምን እንደገጠመው ይጠይቁት፤ በዚያ ሐሰተኛ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ቢታዘዝ ታካሚው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ራሱ እንዲያስረዳ ያድርጉ። ያዩትንም በጽሑፍ ያስፍሩ። ስሕተቱን አምኖ ከተቀበለ ትምህርቱ ተጀምሯል፤ ከካደ ወይም ከደገመው ግን ጉዳዩ ከእርስዎ አልፎ ለትምህርት ክፍሉ መቅረብ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ በክፍሉ ውስጥ ነባሮቹ ሐኪሞች ራሳቸው የትናንቱን ቁጥር እየገለበጡ ይጽፉ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ተማሪው ያንን ከእነርሱ አይቶት ከሆነ እርማቱ ከእነርሱ መጀመር ይኖርበታል።