«ሶሪ» ስትለኝ «ምን አጠፋሽ?» አልኳት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በጀልባ እንግዳ ወደ ዘጌ በማመላለስ እተዳደራለሁ። ባለፈው አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። እናቴ እንደታመመች ስነግራት ፊቷ ጥቁር አለና «አይ አም ሶሪ» አለችኝ። እኔም በእንግሊዝኛ «አንቺ ምን አጠፋሽ?» አልኳት። ሁለታችንም ግራ ተጋባን። ሶሪ ማለት ይቅርታ አይደለም እንዴ? እንዲህ ሲሉኝስ ምን ልመልስ? ደግሞ የሰፈራችን ልጆች ሰው ሲደናቀፍ «ሶሪ» ይላሉ። አክስቴ ይሄን ስትሰማ ትቆጣለች። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተም እንግዳዋም አላጠፋችሁም። ያሳሳተህ ልጅ ሳለን ሁላችንም የሸመደድነው ነገር ነው፦ «ሶሪ ማለት ይቅርታ»። ይሄ ግማሹ ብቻ ነው።

ሶሪ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበር። የወጣውም ቁስልንና ሕመምን ከሚገልጽ ቃል ነው። ዛሬም «ሶር» ሲሉ የቆሰለ፣ የሚያም ማለታቸው ነው። ጉሮሯቸውን ሲያማቸው «ሶር ትሮት» ይላሉ። ስለዚህ «አይ አም ሶሪ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ የራሱን ልብ ነው። ከፍቶኛል እያለህ ነው። ለምን እንደከፋው ከሁኔታው ትረዳለህ። እግርህን ረግጦህ ከሆነ የከፋው ባደረገው ነገር ነው፤ ያኔ ይቅርታ ይሆናል። እናትህ ታማ ከሆነ ግን የከፋው በአንተ ጭንቀት ነው። ጥፋት የሚባል ነገር አልተነሳም።

የእኛ ይቅርታ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ቃሉን ፈልፍለህ እየው። ውስጡ «ይቅር» አለ፤ ከ«ቀረ» የመጣ። የታሰበ ድግስ ሲሰረዝ «በቃ ይቅር» እንላለን። ሦስተኛ ስኒ ቡና ሲቀዳልን «ይቅርብኝ» እንላለን። «ይቅር በለኝ» ስልህም «ያ ነገር ይቅር» የሚለው ቃል ከአንተ አፍ እንዲወጣ እየለመንኩህ ነው። ስለ ልቤ ምንም አልነገርኩህም። የሚፈርደው አንተ ነህ። ለዚህ ነው ይቅርታ በዳይና ተበዳይ የሚፈልገው። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ልኮ የሚጠየቅ ነገር የሆነውም ለዚሁ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ «ይቅርታ፣ ጊዮርጊስ በየት በኩል ነው?» ስንል ቃሉ ቀለል ብሏል። ያም ሆኖ አንድ ሰው መጥቶ «ስለ እናትህ ሕመም ይቅርታ» ቢልህ፣ «ምን አድርገሃት ነው?» ማለትህ አይቀርም። ጀልባው ላይ የሆነው ይኸው ነው። እንግሊዝኛውን ሰምተህ ለአማርኛው መለስክ።

ይሄ ስሕተት በፊልም ትርጉም ላይም ያጋጥመኛል። አባቱ የሞተበትን ሰው ጓደኛው አቅፎታል፤ ከሥር የተጻፈው «ስለ አባትህ ይቅርታ» ነው። ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ጓደኛው ምን በድሎት ነው? እኛ እኮ ለዚህ የሚሆን ቃል ሞልቶናል። ለልቅሶ «እግዜር ያጥናህ» አለ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»። በየቀኑ እንግዳ የምትወስድበት የዑራ ኪዳነ ምሕረት ስም ውስጥ ያለው «ምሕረት» የዚሁ የ«ይማርህ» ዘመድ ነው። ለተጨነቀ «አይዞህ»። የሰው ችግር ስትሰማ «አሳዘነችኝ»፣ ባስ ሲል «አንጀቴን በላችው»። ላመለጠህ ነገር «ቆጨኝ»። እንግሊዝኛው ይሄን ሁሉ በአንድ ሶሪ ይሸፍነዋል። የተባለውን ያልሰማ እንግሊዛዊ እንኳ «ሶሪ?» ይላል፤ እኛ «አቤት?» የምንለውን።

አሁን ወደ አክስትህ ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣሁ ነበር። አንዲት ተማሪ ከጀልባ ስትወርድ እርጥቡ ጣውላ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። አጠገቧ የነበረው ልጅ «ሶሪ፣ ሶሪ!» አለ። ቡና የምታፈላው ሴት ጀበናውን እንደያዘች ብድግ አለችና «እኔን!» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ ያየችው ወደ ሴትየዋ ነበር።

«እኔን» ላይ ያለችውን «ን» ልብ በላት። ሴትየዋ «እኔ» አላለችም። «ን» ድርጊቱ የሚያርፍበትን ነው የምታሳየው፤ «ልጁን መታው» እንደምንለው። ግሱ ግን የለም፣ ተውጧል። ሲሞላ «እኔን ይድፋኝ»፣ «እኔን ድፍት ያርገኝ» ነው። አንቺ ከምትወድቂ እኔ ልደፋ ማለት ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ይሄን ቃል ከእናቱ አፍ ስንቴ እንደሰማው ቆጥሮ አይዘልቀውም። እኔ እስካሁን ስሰማው ሆዴ ይንቦጫቦጫል። አክስትህም የተቆጣችው «እኔን» ሊባል በሚገባው ቦታ ሌላ ቃል ስለሰማች ይመስለኛል፤ አልፈርድባትም።

ልጆቹንም ግን አልኮንናቸውም። ናይጄሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሌላው ሲደናቀፍ ካየ «ሶሪ» ይላል። አጥፍቶ አይደለም፣ አይዞህ ማለቱ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ በስዋሂሊ «ፖሌ» ይሉታል። የሰፈርህ ልጆችም የእናቶቻቸውን ስሜት በተውሶ ቃል እየተናገሩ ነው። ቃሉ ደግሞ ይቀላቸዋል። «አይዞህ» ለማለት ወንድ ነው ሴት፣ ታላቅ ነው ታናሽ ብለህ «አይዞሽ» ወይም «አይዞዎት» ማለት አለብህ። ሶሪ ይሄን አይጠይቅም። ባጃጅ ውስጥ በክርኑ የነካኝ ወጣት «ሶሪ» ቢለኝ ቅር አይለኝም።

የማልቀበለው አንድ ቦታ ነው፤ ልቅሶ ቤት። ፍራሽ ላይ ለተቀመጡ እናት «ሶሪ» አይባልም። ጎንበስ ብለህ «እግዜር ያጥናዎት» በላቸው።

ለእንግዳዋ የምትመልሰውን ጠይቀኸኛል። «ታንክ ዩ» ይበቃል። ከዚያ እናትህ አሁን እንዴት እንዳለች ንገራት፤ ልትሰማህ ፈልጋ ነው እንዲያ ያለችህ።

እናትህን እግዜር ይማርልህ።